የጥርስ ጤናና ትምህርት፦ ከፊሊፒንስ ልምድ የምንማረው

ለአንድ የቲም ልጅ ደብተርና የደንብ ልብስ ገዝተን ትምህርት ቤት ስንልከው ኃላፊነታችን የተፈጸመ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ሌሊቱን በጥርስ ሕመም ሲቃትት ያደረ ልጅ በክፍል ውስጥ ቢገኝም ልቡ ከትምህርቱ ጋር አይሆንም። በተለይ ሸክም እንዳይሆን የሚሰጋ የቲም ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በፊሊፒንስ የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ከስድስት ዓመት ልጆች 97 በመቶ የሚሆኑት የጥርስ መበስበስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ጥርሳቸው እስከ መመገል የደረሰ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆችም ክብደታቸው ከቁመታቸው አንጻር አነስተኛ ሆኖ የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ሕመሙ ማኘክንም እንቅልፍንም ይነሳልና።

በዚያው አገር «ፊት ፎር ስኩል» የተሰኘው በጎ አድራጎት ድርጅት ከመንግሥት ጋር በመተባበር ሦስት ተግባራትን በትምህርት ቤቶች አስፋፋ፦

1. በየቀኑ እጅን በሳሙና መታጠብ፤
2. በየቀኑ በመምህር ክትትል ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጥርስን መቦረሽ፤
3. በዓመት ሁለት ጊዜ የሆድ ትላትል መድኃኒት መውሰድ።

ሥራው እየሰፋ ሄዶ በጀርመን መንግሥት የልማት ድጋፍ ወደ ኢንዶኔዥያ፣ ካምቦዲያና ላኦስ ተሻገረ። ለማደጉ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሐኪም በሌለበትም መምህሩ ያስፈጽመዋል፤ ወጪውም አነስተኛ በመሆኑ የትምህርት ቤቶችና የአካባቢ አስተዳደሮች ሊሸከሙት ይችላሉ። በለጋሽ እጅ ብቻ የቆመ ሥራ ለጋሹ ሲርቅ ይቆማል፤ የአካባቢው ሰው የራሱ ያደረገው ግን ይቀጥላል።

እኛስ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲዋክን አጥብቀው እንዳበረታቱ እናውቃለን። መፋቂያም በአገራችን በየመንደሩ ይገኛል። በመሆኑም ልጆቻችንን ከመፋቂያው ጋር ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በአተር ፍሬ መጠን እንዲጠቀሙና እንዳይውጡት እናስተምራቸው። ሆኖም በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ አካባቢዎች የመጠጥ ውኃው ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ስላለበት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ በዚያ ለሚኖሩ አስቀድሞ የጤና ባለሙያን ማማከር ይገባል።

የቲም የምትረዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ውጤቱ ስትጠይቁ «ጥርስህን ያምሃልን?» ብላችሁም ጠይቁ። የጥርስ ብሩሽና ሳሙና ከደብተሩ ጋር ይታሰብ፤ ጣፋጭ ነገር ይቀነስ፤ የታመመውም ሳይመግል ወደ ሕክምና ይወሰድ። አላህ (ሱ.ወ) መልካም ሥራችንን ይቀበለን። አሚን።