የውኃ ጎማ መጋጠሚያዎችና የድርቅ ጊዜ የውኃ አቅርቦት

በድርቅ ለተጠቃ ሕዝብ ውኃ የማድረስ ሥራ ሲታቀድ በቅድሚያ የሚነሡት ቦቴው፣ ነዳጁ፣ ፓምፑና የማጠራቀሚያ ታንከሩ ናቸው። እነዚህን እርስ በርስ የሚያገናኘው የጎማ መጋጠሚያ ግን በዕቅዱ ላይ እምብዛም ተለይቶ አይጻፍም። ሆኖም ቦቴው ሞልቶ ቢደርስ፣ ፓምፑም በደኅና ቢሠራ፣ የቦቴው ጎማ ከታንከሩ አፍ ጋር ካልገጠመ ውኃው ለተጠማው ሰው ሊደርስ አይችልም። በመሆኑም በፍጥነት የሚገጥሙና የሚፈቱ፣ እንዲሁም የሚሽከረከሩ መጋጠሚያዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚሠሩና በመስክ ላይ ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻቸው ማወቅ ለሥራ ኃላፊውም ሆነ ለዕርዳታ ሠራተኛው አስፈላጊ ነው።

፩. የጉዳዩ ክብደት

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉበት ጊዜ፣ በሶማሌ ክልልና በቦረና ውኃን በቦቴ ማመላለስ ከዋነኞቹ የነፍስ አድን ሥራዎች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ወጪው ከባድ ሲሆን፣ ውጤቱ የሚለካው አንድ ቦቴ በቀን በሚያደርገው ምልልስ ብዛት ነው።

በሰብዓዊ ዕርዳታ ሥራ የሚያገለግለው የስፊር መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ እንዲደርስ ይመክራል። በዚህ ስሌት 10,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ቦቴ የ666 ሰዎችን የቀን ድርሻ ይዟል ማለት ነው። ፓምፑ በደቂቃ 500 ሊትር የሚገፋ ቢሆን ቦቴው በ20 ደቂቃ ውስጥ ይራገፋል። ነገር ግን ጎማው የማይገጥም ሆኖ በሽቦና በላስቲክ ጨርቅ ሲጠመጠም፣ ሲፈተለክና እንደገና ሲታሰር ሌላ 20 ደቂቃ ቢያልፍ የማራገፊያው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ይህ ሁኔታ በቀን ውስጥ በሦስትና በአራት ጣቢያዎች ላይ ሲደጋገም የመጨረሻው ምልልስ ከመምሸቱ በፊት ሳይከናወን ይቀራል። የተሰረዘው ምልልስ በመዝገብ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም፣ በጣቢያው ግን 666 ሰዎች ባዶ ጄሪካን ይዘው ይመለሳሉ።

የሚንጠባጠብ መጋጠሚያም እንዲሁ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ የሚያፈስ መጋጠሚያ ቀንና ሌሊት ውኃ በሚያልፍበት መስመር ላይ ቢገኝ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,440 ሊትር ያባክናል። ይህም የ96 ሰዎች የቀን ድርሻ ነው።

፪. ከታሪክ የተገኘ ትምህርት

የመጋጠሚያ አለመጣጣም ምን ያህል ጉዳት እንደሚያስከትል ጎልቶ የታየው በእሳት አደጋ መከላከል ሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 1904 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ታላቅ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ ከዋሽንግተንና ከሌሎች ከተሞች የእሳት አደጋ ቡድኖች በፍጥነት ለዕርዳታ ደረሱ። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ጎማ ጥርስ ከባልቲሞር የውኃ መቅጃዎች ጥርስ ጋር ስላልገጠመ የሚገባቸውን ያህል ለመርዳት አልቻሉም። እሳቱ ከ30 ሰዓት በላይ ቆይቶ ከ1,500 የሚበልጡ ሕንፃዎችን አወደመ። ይህ አደጋ የጎማ መጋጠሚያ መለኪያ በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲወሰን ምክንያት ሆነ።

ደረጃ መውጣቱ ብቻውን ግን በቂ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ኮረብታዎች በተነሣውና 25 ሰዎች በሞቱበት ቃጠሎ ላይ፣ የከተማው የውኃ መቅጃዎች አፍ 3 ኢንች ሲሆን ከውጭ የመጡት ቡድኖች ጎማ ግን በተለመደው 2½ ኢንች መለኪያ የተሠራ ነበር። ከሁለቱም አደጋዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ዕርዳታ ከብዙ አቅጣጫ በሚመጣበት ጊዜ የመገጣጠሙ ጉዳይ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

የድርቅ ዕርዳታም ከዚህ የተለየ አይደለም። ፓምፕ ከአንድ አገር፣ ታንከር ከሌላው፣ ጎማ ደግሞ ከሦስተኛው ሊመጣ ይችላል። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራባቸው የቧንቧ ጥርሶች ሁለት ሲሆኑ፣ እነርሱም የእንግሊዙ ቢ.ኤስ.ፒ. እና የአሜሪካው ኤን.ፒ.ቲ. ናቸው። የመጀመሪያው የጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የሁለተኛው 60 ዲግሪ ነው። በ3 ኢንች ቧንቧ ላይ ቢ.ኤስ.ፒ. በአንድ ኢንች ርዝመት 11 ጥርሶች ሲኖሩት ኤን.ፒ.ቲ. 8 ብቻ ስላሉት ሁለቱ ከቶ አይገጥሙም። በ½ እና በ¾ ኢንች ላይ ግን ሁለቱም 14 ጥርስ ስላላቸው በመጀመሪያ የገጠሙ መስለው ይታያሉ፤ ግፊት ሲመጣ ያፈሳሉ። በቦኖ ላይ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሲገኝ ይህንን መመርመር ይገባል።

፫. በፍጥነት የሚፈቱ መጋጠሚያዎች ዓይነት

ሀ) ካምሎክ፦ በውኃ ቦቴና በፓምፕ ላይ በሰፊው የሚገኘው ይህ ነው። ወንዴው ክፍል ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ ቀለበታማ መስመር አለው። ሴቴው ክፍል በግራና በቀኝ ሁለት ክንዶች ያሉት ሲሆን፣ ክንዶቹ ወደ ጎማው ሲታጠፉ ውስጣዊ ጫፋቸው ከጎድጓዳው መስመር ገብቶ ወንዴውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በዚህም ጊዜ መካኒኮች ጓርኒሲዮን ከሚሉት የማተሚያ ቀለበት ጋር ተጣብቆ ይዘጋል። መፍቻ አያስፈልገውም፤ በአንድ ሰው እጅ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይገጥማል። አሠራሩ ከአሜሪካ ወታደራዊ መለኪያ የመነጨ በመሆኑ የልዩ ልዩ ፋብሪካ ውጤቶች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ ይገጥማሉ። ጉድለቱ ወንዴና ሴቴ መኖሩ ነው፤ ሁለት ወንዴዎች በተገናኙ ጊዜ ሥራው ይቆማል።

ለ) ሽቶርዝ፦ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጊዶ ሽቶርዝ የተፈለሰፈው ይህ መጋጠሚያ ወንዴና ሴቴ የለውም። ሁለቱም ጫፎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ የትኛውም ጫፍ ከየትኛውም ይገጥማል፤ ጥርሶቹን አገናኝቶ በጥቂቱ ማዞር ይበቃል። በጀርመን አሠራር መጠኖቹ በፊደል የሚለዩ ሲሆን 75 ሚሊሜትር «ቢ»፣ 52 ሚሊሜትር «ሲ» ይባላሉ። በፈረንሳይ የሚሠራበት ሌላ ወንዴና ሴቴ የሌለው ዓይነት ቢኖርም ከሽቶርዝ ጋር ስለማይገጥም ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ሐ) ራሱን የሚዘጋ መጋጠሚያ፦ ሲፈታ በውስጡ ያለው በስፕሪንግ የሚገፋ ቫልቭ ወዲያውኑ ይዘጋል። ለነዳጅና ለማሽን ዘይት መስመር ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የመተላለፊያውን ስፋት ስለሚያጠብና አሸዋ ሲገባበት ቫልቩ ሳይዘጋ ስለሚቀር፣ ከኩሬ ወይም ከብርካ የሚቀዳ ድፍርስ ውኃ ለማራገፍ አይመረጥም።

፬. የሚሽከረከር መጋጠሚያ ጥቅም

ጎማ ሲጎተት ይጠመዘዛል። ሁለቱም ጫፎቹ ጥብቅ ከሆኑ ጠመዘዛው የሚያርፈው በራሱ በጎማውና በጥርሱ ላይ ነው፤ ጎማው ይታጠፋል፣ የውኃው ፍሰት ይቀንሳል፣ ጥርሱም ቀስ በቀስ ይላላል። የሚሽከረከር መጋጠሚያ ይህንን ችግር በሁለት መንገድ ያስወግዳል። ቀላሉ ዓይነት በሚገጠምበት ጊዜ ብቻ ቀለበቱ ለብቻው የሚዞር ነው፤ በዚህም ከባዱን ጎማ ማሽከርከር ሳያስፈልግ ቀለበቱን ብቻ በማዞር ማጥበቅ ይቻላል። ሁለተኛው ውኃ በግፊት እያለፈበትም በትናንሽ የብረት ኳሶች ላይ የሚዞር ሲሆን፣ ጎማ በሚጠቀለልበት መንኮራኩርና ጎማው ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ በሚዞርበት የቦቴ መውጫ ላይ ያገለግላል።

ካምሎክ በእጅ ሲነካ የሚዞር መስሎ ቢታይም ለመሽከርከር የተሠራ አይደለም። በግፊት ላይ እያለ ደጋግሞ ቢዞር ጓርኒሲዮኑንና የክንዶቹን ጫፍ ይበላል። ስለዚህ መዞር በሚያስፈልግበት ቦታ ለዚሁ የተሠራው መጋጠሚያ ተለይቶ መግባት አለበት።

፭. መግፋትና መምጠጥ

በመግፊያ መስመር ላይ የሚያፈስ መጋጠሚያ ውኃው ስለሚታይ በቶሎ ይታወቃል። በመምጠጫ መስመር ላይ ግን ውኃ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ፓምፑ ይጮኻል፣ ውኃው እየተቆራረጠ ይወጣል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ሞተሩን ሲፈታ የሚውለው ጥፋቱ ከአንዲት ቀለበት ሆኖ ሳለ ነው። የሳሙና አረፋ መጋጠሚያው ላይ ሲቀባ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ አየር የሚገባበት ቦታ እዚያ መሆኑ ይረጋገጣል። በሽቶርዝ ላይ ለመግፊያና ለመምጠጫ የተሠሩት ጓርኒሲዮኖች የተለያዩ ስለሆኑ መቀላቀል የለባቸውም።

በደጋ አገር ጥንቃቄው የበለጠ ሊሆን ይገባል። ፓምፕ ውኃን መምጠጥ የሚችለው በአየር ክብደት ግፊት በመሆኑ በባሕር ጠለል ላይ የመጨረሻው ወሰን 10.3 ሜትር ሲሆን፣ እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ ወደ 7.7 ሜትር ይቀንሳል። በተግባር የሚገኘው ከዚህም ያነሰ ስለሆነ በመጋጠሚያ የሚገባ ጥቂት አየር ሥራውን ፈጽሞ ሊያቆመው ይችላል።

፮. ንጽሕናና ደኅንነት

የተፈታ ጎማ ጫፉ መሬት ላይ ሲጣል አቧራና የከብት እበት ይዞ ይነሣል፤ በሚቀጥለው ማራገፍም ይህ ሁሉ ወደ ታንከሩ ይገባል። በክሎሪን የታከመ ውኃ በዚህ መንገድ እንደገና ይበከላል። ለዚህም ሲባል እያንዳንዱ መጋጠሚያ በሰንሰለት የታሰረ ክዳን ሊኖረው ይገባል። በማደያው ላይ ቀሪው ነፃ ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም መሆኑ ሲለካ ከዚህ በታች ሆኖ ከተገኘ፣ ከሚመረመሩት ነገሮች አንዱ የጎማው ጫፍ ነው።

ነዳጅ የተመላለሰበት ጎማና ጓርኒሲዮን ለመጠጥ ውኃ ፈጽሞ መዋል የለበትም። ለነዳጅ የሚመረጠው ናይትራይል የተባለው ላስቲክ ሲሆን፣ ለውኃ የሚስማማው ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የተባለው በነዳጅ ሲነካ ያብጣል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ጥቁር ስለሆኑ በዓይን አይለዩም፤ በተለያየ ሣጥን ተጽፎባቸው ሊቀመጡ ይገባል።

የካምሎክ ክንድ ፓምፑ ቆሞ ቫልቭ ተከፍቶ ግፊቱ ከመውጣቱ በፊት ሊነሣ አይገባም፤ ጎማው ተስፈንጥሮ የቆመውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። በሥራ ላይ ሳለም ክንዶቹ በማሰሪያ ስፒና ወይም በገመድ መታሰር አለባቸው። ክንዱ ያለ ምንም ጉልበት የሚታጠፍ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ አልቋል፤ በቧንቧ ካልተጫኑት የማይታጠፍ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ቆሻሻ ወይም ድርብ ጓርኒሲዮን አለ ማለት ነው።

፯. ለሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ሀ) በአንድ ወረዳ የሚሠሩ ድርጅቶች ሁሉ የሚጠቀሙበት የመጋጠሚያ ዓይነትና መጠን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጋራ ይወሰን።

ለ) በግዢና በኪራይ ውል ላይ «ጎማ ከነመጋጠሚያው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ዓይነቱ፣ መጠኑ፣ ወንዴ ወይም ሴቴ መሆኑና የጥርሱ መለኪያ ይገለጽ።

ሐ) በእያንዳንዱ ቦቴ ላይ ትርፍ ጓርኒሲዮኖች፣ ክዳኖችና ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚያሸጋግር መጋጠሚያ የያዘ ሣጥን ይኑር።

መ) ሾፌሩና የጣቢያው የውኃ ጠባቂ መጋጠሚያውን በየቀኑ ከመጀመሪያው ምልልስ በፊት ይመርምሩ፤ ጉድለቱም በዕለቱ መዝገብ ላይ ይጻፍ።

ሠ) አዲስ ዕቃ ከውጭ ሲገባ ወደ መስክ ከመላኩ በፊት በመጋዘን ከነባሩ ዕቃ ጋር ተገጥሞ ይታይ።

እነዚህን ለመፈጸም የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ቦቴ የቀን ኪራይ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። የቦቴውን ብዛት ለመጨመር ከመጠየቅ በፊት ያሉት ቦቴዎች ሙሉ ምልልሳቸውን እንዲያደርጉ ማስቻል የኃላፊው ተቀዳሚ ተግባር ሲሆን፣ ለዚህም ምርመራው ከጎማው ጫፍ ሊጀምር ይገባል።