ምስሉ ይለፍ፣ ፊደሉ ይራቅ

ጥያቄ፦ በሰሃላ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን የባህል ክበብ ባለፈው ዓመት ለሻደይ በዓል በኤ5 መጠን አንዲት ቀጭን መጽሔት አሳትሞ ነበር። ሽፋኗ ላይ ተማሪዎቻችን የሻደይ ሣራቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ተሰልፈው ሲጫወቱ የሚያሳይ ፎቶ ከዳር እስከ ዳር አደረግን። አዲስ አበባ ታትማ ስትመጣ ግን አንዳንዱ ቅጂ በቀኝ ጠርዙ ነጭ ጭረት ወጥቶበታል። በሌላው ላይ ደግሞ ከሰልፉ ዳር የቆመችው ልጅ ጣቶቿ ተቆርጠዋል፤ የመጽሔቷ ስም የመጨረሻ ፊደልም ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። ልጅቷ አይታ «ጣቶቼስ?» አለችኝ። ማተሚያ ቤቱን ስንጠይቅ «ፋይላችሁ ብሊድም ክሮፕ ማርክም የለውም» አሉን። ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ልክ ነበር። ዘንድሮ እንዳይደገም ምን እናድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ነጩ ጭረትና የተቆረጡት ጣቶች ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ይመስላሉ። ምክንያታቸው ግን አንድ ነው፤ እሱም የሚገኘው መቁረጫው ማሽን ላይ ነው።

ማተሚያ ቤት ሽፋንዎን በልኩ በተቆረጠ ወረቀት ላይ አያትምም። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ሽፋን ደርድሮ ያትምና ኋላ ይቆርጣል። መጽሔቷ በሽቦ ስትሰፋ ደግሞ ሦስቱ ክፍት ጎኖች እንደገና ይስተካከላሉ። በሚቆረጥበት ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ወረቀት ተደራርቦ ይጫናል፣ ምላጩም ከላይ ይወርዳል። የክምሩ የላይኛውና የታችኛው ወረቀት ፍጹም እኩል አይቆረጥም፤ ወረቀቱም በእርጥበትና በድርቀት ትንሽ ይሳባል፣ ይሰበሰባል። የግማሽ ወይም የአንድ ሚሊ ሜትር መዛነፍ ጥሩ ባለሙያ ባለበትም ያጋጥማል። ፎቶዎ ልክ መቁረጫው መስመር ላይ ስላበቃ፣ ምላጩ ወደ ውጭ ሲያመልጥ ነጩ ወረቀት ታየ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ጣቶቹ ሄዱ።

ብሊድ ለዚህ መዛነፍ የሚተው ትርፍ ምስል ነው። የተለመደው መጠን በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ነው። የእርስዎ ሽፋን የፊትና የኋላ ገጽ አንድ ላይ ሲዘረጋ 296 በ210 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከነብሊዱ 302 በ216 ይሆናል። ትርፉ በውጭ ጠርዞች ብቻ ነው፤ ሽፋኑ በሚታጠፍበት መሃል ላይ ብሊድ የለም። በተቃራኒው ስም፣ ጽሑፍና የሰው እጅ ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ።

ክሮፕ ማርክ ደግሞ ቆራጩ ምላጩን የት እንደሚያሳርፍ የሚነግሩት፣ በአራቱ ማዕዘን የሚቀመጡ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ሥራ ይህን ሐሳብ በደንብ ይገልጸዋል። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት የብራናውን ዳር በወስፌ ይወጋል፤ በነጥቦቹ እየተመራ መስመሩን ያሰምራል፤ ኅዳጉንም ሰፋ አድርጎ ይተዋል። ክሮፕ ማርክም እንደ ወስፌው ነጥብ ሥራውን ይመራል እንጂ የሥራው አካል አይደለም። ስለዚህ ብሊዱ ላይ ማረፍ የለበትም።

በኢንዲዛይን ሲሠሩ «ዶክመንት ሰታፕ» ውስጥ ብሊዱን 3 ሚሊ ሜትር ያድርጉና ፎቶውን እስከ ቀዩ መስመር ድረስ ይሳቡት። ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጡ «ማርክስ ኤንድ ብሊድስ» በሚለው ገጽ «ክሮፕ ማርክስ»ን እና «ዩዝ ዶክመንት ብሊድ ሴቲንግስ»ን ይምረጡ፤ «ኦፍሴት» የሚለውንም 3 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ብሊዱን አዘጋጅቶ ፒዲኤፉን ሲያወጣ ሳይመርጠው ይቀራል። በካንቫ የሚሠራ ሰው «ሾው ፕሪንት ብሊድ»ን ከፍቶ ይሠራል፣ ሲያወርድም «ፒዲኤፍ ፕሪንት»ን ከነክሮፕ ማርኩ ይመርጣል። ማይክሮሶፍት ዎርድ የብሊድ ቦታ የለውም፤ ግድ ከሆነ የገጹን መጠን ራሱን 302 በ216 አድርገው ይሥሩና ይህንኑ ለማተሚያ ቤቱ ይንገሩ።

አሁን ያለው ፎቶ ዳሩ ላይ ትርፍ ከሌለውስ? መጀመሪያ ዋናውን ፎቶ ከስልኩ ወይም ከካሜራው ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ትርፉ እዚያ አለ፣ የቆረጠው ዲዛይነሩ ነው። ካልተገኘ ፎቶውን የወርዱንና የቁመቱን ምጣኔ ጠብቀው ትንሽ ያሳድጉት፤ በአንድ ጎን ብቻ አይለጥጡት፣ የልጆቹ መልክ ይበላሻል። ሰው ጠርዙ ላይ ሆኖ ማሳደጉም የሚጎዳው ከሆነ በፎቶው ዙሪያ ነጭ ክፈፍ ይተዉ። ክፈፉ ግን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን፤ በቀጭን ክፈፍ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር መዛነፍ ወዲያው ዓይን ይገባል።

ፎቶውን በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ «ፋይል» ብለው ይላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ 216 ሚሊ ሜትር ቁመት በ300 ዲፒአይ ለማተም ግን 2551 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል። የአማርኛ ፎንቶቹም ፒዲኤፉ ውስጥ መካተታቸውን ያረጋግጡ።

ፋይሉን ከመላክዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ። ሽፋኑን ከነክሮፕ ማርኩ በኤ3 ወረቀት ሁለት ጊዜ ያሳትሙ። አንዱን በማስመሪያና በምላጭ ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ፣ ሌላውን 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይቁረጡ። በመጀመሪያው ነጭ ካልታየ፣ በሁለተኛውም ፊደል ወይም ጣት ካልተነካ ፋይሉ ዝግጁ ነው። ከሰሃላ አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ ከተበላሸ ሥራ ሁለት ወረቀት ማባከን ይሻላል።

ዋናው መፍትሔ ግን የሚጀምረው ጨዋታው ሜዳ ላይ ነው። ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ ፎቶ የሚያነሳውን ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ እንዲያነሳ ይንገሩት። ከሰልፉ በግራና በቀኝ ሣርና ሰማይ ይትረፍ፤ ምላጩ የሚቆርጠው ያንን ይሁን። ያቺ ተማሪዎም በሚቀጥለው መጽሔት ላይ እጇን ከነጣቶቿ ታግኝ።