ብቸኝነትሽ አይወስንልሽ

«ተወልጄ ያደግኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዘንድሮ ኦገስት ላይ ከደቡብ ስቴቶች በአንዱ የሚገኝ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሩምሜቴ ገና ትምህርት ሳይጀመር ሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር) ስለገባች ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ካፌ ሄጄ ለብቻዬ መብላት ስለማፍር ብዙ ጊዜ እራት ሳልበላ እተኛለሁ። በስፕሪንግ ሴሚስተር አባል የሚቀበሉ ሶሮሪቲዎች አሉ። ልመዝገብ ነው ብዬ ለእማዬ ስነግራት፣ በምስጢር የሚማማሉበት ነገር ውስጥ እንዳትገቢ፣ ካቃተሽ ተመለሺና ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተማሪ አለችኝ። እሷን ማስከፋት አልፈልግም፤ እንዲህ ሆኜ መቀጠልም አልቻልኩም። ምን ላድርግ?»

ልጄ፣ በደብዳቤሽ ሁለት ምርጫ አቅርበሻል፤ ሶሮሪቲ መግባት ወይም ወደ ቤት መመለስ። ሁለቱም በራሳቸው ክፉ አይደሉም። እኔን ያሳሰበኝ ሁለቱንም ያመጣብሽ አንድ ነገር፣ የእነዚህ ጥቂት ወራት ብቸኝነት፣ መሆኑ ነው። አንቺ አሁን የቸገረሽ ማታ አብሮሽ የሚበላ ሰው ማጣት ነው። ይህን ለመሙላት ብለሽ ግን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አባልነት ልትወስኚ ወይም ዩኒቨርሲቲ ልትለውጪ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ውሳኔ ቢያንስ የስፕሪንግ ሴሚስተር እስኪያልቅ እንድታቆዪ እመክርሻለሁ።

ይህን የምልሽ በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ግሪጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አሳትመዋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀምጠው፣ ባይተዋርነት መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ተማሪ እንደሚነካ፣ እየቆየም እንደሚለቅ የሚናገር ጽሑፍ አስነበቧቸው። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ይህን ያነበቡት ጥቁር ተማሪዎች ውጤት ከፍ አለ፤ በእነሱና በነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው ልዩነትም በግማሽ ጠበበ። ጽሑፉ ጓደኛ አልሰጣቸውም፤ የለወጠው ለብቸኝነታቸው የሚሰጡትን ትርጉም ነው። በቁጥር አናሳ የሆነ ተማሪ ብቻውን የዋለበትን ቀን «እንደኔ ያለ ሰው ለዚህ ቦታ አልተፈጠረም» ብሎ ሊተረጉመው ይቀናዋል። ነጩም ተማሪ ብቻውን ይውላል፤ እሱ ግን «ዛሬ አልቀናኝም» ብሎ ያልፈዋል። አንቺም ለብቻ መብላትን ያፈርሽው ካፌ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚፈርድብሽ ስለመሰለሽ ይመስለኛል። ጥናቱ ብቸኝነት አያምም አይልም፤ ሕመሙ ግን አንቺ ማን እንደሆንሽ፣ የት መኖር እንዳለብሽ አይናገርም።

ሶሮሪቲው ታዲያ ቶሎ ያላምደኝ የለም ወይ ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያላምዳል። ሰው የሞላበት ቤት፣ የሚያውቅሽ ታላቅ፣ አብሮ የሚያጠና ሰው በአንድ ጊዜ ታገኚያለሽ፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን ሶሮሪቲ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የገባሽበት አካባቢም የራሱ ታሪክ አለው። ለምሳሌ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የነጮች ሆነው የቆዩት ሶሮሪቲዎች ለጥቁር ሴቶች በራቸውን በሰፊው የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2013 የተማሪዎቹ ጋዜጣ አድልዎውን ካጋለጠ በኋላ ነው። ያን ያህል ቅርብ ነው። በሌላ በኩል ጥቁር ሴቶች ራሳቸው የመሠረቷቸው አሉ። አልፋ ካፓ አልፋ በ1908፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913 የተመሠረቱት ከእናትሽ ቤት ብዙም በማይርቀው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዴልታ መሥራቾች ማኅበራቸው ሁለት ወር ሳይሞላው ዋሽንግተን ላይ ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው ሰልፍ ወጥተዋል። እነዚህኞቹ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ገቢን በመጀመሪያው ሴሚስተር አይቀበሉም፤ ውጤትሽንና የሠራሽውን የበጎ ፈቃድ ሥራ ማየት ይፈልጋሉ። በሌሎቹም ቢሆን ሁለተኛ ዓመት ላይ መግባት ይቻላል። እንግዲህ ብትቆዪ ዕድሉ አያመልጥሽም፤ የትኛው እንደሚሆንሽ ለማየት ግን ጊዜ ታገኚያለሽ።

የእናትሽን ፍርሃት «አታውቅም» ብለሽ አትለፊው። አዲስ አባልን ማሠቃየት፣ ማዋረድና መጠጥ ማስገደድ በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ ሕይወት ቀጥፏል። ስምንት የጥቁሮች የሴትና የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1990 የቀድሞውን የአባልነት ፈተና በይፋ ቢያስቀሩም ድርጊቱ በድብቅ አልጠፋም። በ2024 መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን በደል መዝግበው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ የዩኒቨርሲቲሽን ሪፖርት ፈልገሽ አንብቢ። መሐላውን በተመለከተ፣ ከገቡ በኋላ በሃይማኖታቸው ምክንያት በይፋ የለቀቁ ክርስቲያን ሴቶች አሉ፤ በእምነታቸው ጸንተው ዕድሜያቸውን ሙሉ በአባልነት የቆዩም አሉ። ይህን ከንስሐ አባትሽ ወይም ከፓስተርሽ ጋር ተነጋገሪበት። ለእናትሽ ግን አንድ ነገር በአክብሮት ንገሪልኝ፦ እናቶቻችን በሰው አገር ያለ ዘመድ የቆሙት በዕቁብና በማኅበር ነው። የገቡት ግን ሰዎቹን ካወቁ፣ ጠባያቸውን ካዩ በኋላ ነበር። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። በዝግጅቶቻቸው ላይ ተገኚ፤ አባላቱ ሲከፋቸው ማን እንደሚደርስላቸው ተመልከቺ፤ በዓመት የሚከፈለውን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቂ። «እዚህ የሚደረገውን ለወላጆችሽ እንዳትነግሪ» ያለሽ ካለ በዚያው ሰዓት ተለዪው።

እስከዚያው ምን ላድርግ ካልሽ፣ ጓደኝነት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ያንኑ ሰው ደጋግሞ ከማየት ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እዚያው ካፌ ብዪ። ክፍል ውስጥ አጠገብሽ የምትቀመጠውን ልጅ አብረን እናጥና በያት፤ እሷም ብቻዋን ልትሆን ትችላለች። የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ካለ ሂጂ፤ ከሌለ በከተማው ቤተ ክርስቲያን ፈልጊ። ከእናትሽ ጋር በየቀኑ ተነጋገሪ፤ ግን ማታውን በሙሉ ስልክ ላይ አታሳልፊ፤ ያ ሰዓት እዚያ ያሉትን ሰዎች የምታውቂበት ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ አድርገሽ በሜይ ወርም ያው ከሆነ፣ ወደ ሜሪላንድ መመለስ ሽንፈት አይደለም፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም በቂ ትምህርት ቤት ነው። እራት ሳትበዪ የምታድሪባቸው ሌሊቶች ከቀጠሉ፣ ወይም እንቅልፍና ትምህርት ካቃተሽ ግን ሜይን አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ሂጂ፤ እንደሄድሽም ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት።