ቀለም እንዲገባን ምን እናድርግ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት በብዙዎቻችን ቤት ገብቷል። የፈራ ተማሪ ደግሞ አቋራጭ ይፈልጋል፤ አንዱ በቡናና በጫት ሲያነጋ፣ ሌላው «አብሾ አእምሮ ይከፍታል» የሚለውን የቆየ ወሬ ያዳምጣል። በራሳችን ላይ ምን ብንሞክር እንጠቀማለን? ምንስ ይጎዳናል? አብረን እንመርምር።

አብሾ በቆሎ ተማሪዎች ዘንድ ትምህርት ያስይዛል እየተባለ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ አስተናግር ከሚባለው ተክል እንደሚዘጋጅም ይነገራል። አስተናግር ግን መርዝ ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል፣ የሌለውን ያሳያል፣ ሲበዛም ይገድላል። በውስጡ ያለው ስኮፖላሚን የተባለው ነገር የማስታወስን ኃይል እንደሚያደክም በሕክምና የታወቀ ነው። እንግዲህ ይህ፣ ለማስታወስ ብሎ መርሳትን መጠጣት አይደለምን?

ሊቃውንቱን ሊቅ ያደረጋቸው ሌላ ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ፣ ተገርፎ ኮበለለ። በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን ሲወጣ አይቶ ተመለሰና ተማረ። በኋላም የመነነው በእኛው በሰሜን ተራሮች እንደሆነ ይተረካል።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊም እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ በራሱ ላይ ያደረገውን ሙከራ ገልጿል። በአንድ ቀን 68 ጊዜ ደጋግሞ ያገኘውን ውጤት፣ በ3 ቀን ከፋፍሎ በ38 ጊዜ አገኘው። የአብነት ተማሪም ቀን የተቀበለውን ማታ በቃሉ ይላል፤ በማግሥቱም ይከልሳል።

እንቅልፍስ? ቀን የተማርነው በአእምሯችን የሚጸናው ስንተኛ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ቡና ከጠጣን ከ5 ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ የሚያነቃው ነገር ግማሹ በሰውነታችን ውስጥ አለ። ነቢዩ ኤልያስም ተጨንቆ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ተኛ፣ በላ፣ ዳግመኛም ተኛ፤ ከዚያ በኋላ 40 ቀን ተጓዘ።

ይህን የምንጽፈው እኛ ስላልተሳሳትን አይደለም። ከመካከላችን ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ በፈተናው ወረቀት ላይ ያንቀላፋ አለ። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ይህን እንሞክር፦

1. በመጀመሪያው ሳምንት ልማዳችንን ሳንለውጥ፣ የተኛንበትንና የተነሣንበትን ሰዓት፣ በማግሥቱም ከጥናታችን ያስታወስነውን በደብተር እንጻፍ።
2. በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሁለቱን ባንድነት የለወጠ የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።
3. ጭንቀት ሲበረታ መጽሐፉን ዘግተን፣ ቀስ ብለን እየተነፈስን፣ አባታችን ሆይ እንበል። ጭንቀቱ አልለቅ ካለን ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለንስሐ አባታችን እንንገር።
4. የማናውቀውን ቅጠልም ሆነ እንክብል አንቅመስ።

ደብተራችንን ይዘን በጉባኤያችን እንወያይበታለን። የወደቀም ቢኖር አይፈር፤ ትሉም የወጣው በሰባተኛው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።