የቆሮሶ ዓሣን የዘር መሥመር በሚቶኮንድሪያ ጂኖም ስለ መለየት

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለኩሬው የዓሣ ጫጩት ሲፈልግ «ቆሮሶ ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም። የጣናና የዝዋይ ቆሮሶ በዓይን ሲታዩ ቢመሳሰሉም የዘር መሥመራቸው የተለያየ ነው፤ ስዩምና ኮርንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 የጣናውን ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርገው ሰይመውታል። ሁለቱ አንድ ጊዜ ከተዳቀሉ ለይቶ መመለስ አይቻልም።

መለያ ከሆኑት መንገዶች አንዱ የሚቶኮንድሪያን ጂኖም ማንበብ ነው። ሚቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጥ ክፍል ሲሆን፣ የራሱ የሆነ ክብ ዲ.ኤን.ኤ. አለው። የቆሮሶው ክብ ወደ 16,600 በሚጠጉ ፊደላት የተጻፈ ነው ለማለት ይቻላል፤ በውስጡም 37 ጂኖች አሉ። ከእነዚህ 13ቱ ለፕሮቲን ሥራ፣ 22ቱ ለአጓጓዥ አር.ኤን.ኤ.፣ 2ቱ ለራይቦሶም አር.ኤን.ኤ. የሚያገለግሉ ናቸው። ጂን የሌለበት አንድ ክፍልም አለ። ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ የአንዱን ሐይቅ ዓሣ ከሌላው ለመለየት በተለይ የሚጠቅመን እርሱ ነው።

በላቦራቶሪ ዲ.ኤን.ኤው ከሥጋው ይወጣል፤ ይባዛል፤ በመሣሪያ ይነበባል፤ የተነበቡት ቁርጥራጮች ጫፍ ለጫፍ እየተገጠሙ ክቡ ይሞላል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን እዚያ ሳይሆን ሐይቁ ዳር ነው። በፎርማሊን ተነክሮ የደረሰን ናሙና ነበር፤ የዓሣው መልክ ሳይለወጥ ቢቆይም ዲ.ኤን.ኤው ተጎድቶ ስለነበር ልናነበው አልቻልንም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከጅራት ክንፍ የጥፍር ያህል ቆርጦ ወዲያውኑ 95 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ይክተት። አልኮሉ ከሥጋው ብዙ እጥፍ ይብለጥ። አረቄ ውኃው ስለሚበዛ አይተካውም። ከአንድ ዓሣ ወደ ሌላው ሲታለፍ መቀሱ ይጠረግ፣ በእሳትም ይለብለብ። የሐይቁ ስም፣ ቀኑና የዓሣው ቁጥር በእርሳስ ተጽፎ ከናሙናው ጋር ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።

ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ችግር አለ። ሚቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ነው። የዝዋይ ወንድ ከጣና ሴት ጋር ቢዳቀል ጫጩቱ በዚህ ንባብ የጣና ሆኖ ይታያል። በመሆኑም ለማራቢያ የሚመረጥ ዓሣ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰው የኒውክለስ ዲ.ኤን.ኤም እንዲመረመር እንጠይቃለን። ውጤቱ እስኪደርስ ማኅበራት ጫጩት የሚወስዱት ኩሬያቸው ከሚገኝበት ተፋሰስ ብቻ ይሁን፤ የኩሬው መፍሰሻም በወንፊት ይከለል።