ስለ ድንጋጤ ቁስልና ስለ ሕክምናው

ትምህርት ቤታችን በቦሌ ነውና አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ፤ እኛም እርሳሳችንን እየቀረጽን እንጠብቃለን። ለእኛ ለለመድነው ነገሩ ከዶሮ ጩኸት አይበልጥም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ግን አንዲት አዲስ ልጅ ወደ ክፍላችን ገባች። ቤተ ሰቧ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከወሎ የተፈናቀለ ነበር። በሦስተኛው ቀን አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከመቀመጫዋ ተወርውራ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ስቄአለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ሳቅ ምክንያት ነው፤ ልጅቱም ስሟን እንዳልጠራ አስጠንቅቃ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

ከትምህርት በኋላ የሥነ ሕይወት መምህራችን እኔንና ሁለት ባልንጀሮቼን ጠሩን። ይቈጡናል ብለን ስንፈራ «እጃችሁ የጋለ ምጣድ ሲነካ አስባችሁ ነው ወይ የምትሰበስቡት?» ሲሉ ጠየቁን። «አይደለም» አልን። «እርሷም አላሰበችም» ብለው አሰናበቱን። እኔም ነገሩ ስለ ከነከነኝ ማንበብ ጀመርኩ።

በአንጎላችን ውስጥ በግራና በቀኝ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ሥራዋ እንደ ዘበኛ ነው። አደጋ የመሰላትን ነገር ስታይ ወይም ስትሰማ፥ የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል መርምሮ ሳይጨርስ ደወሉን ትደውላለች። ወዲያው ከኩላሊት በላይ ከሚገኙት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም ይገባል፤ ልብ ይደልቃል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ደምም ወደ እግርና ወደ ክንድ ጡንቻ ይሮጣል። ጅብ ለሚያሳድደው ሰው ይህ ታላቅ ስጦታ ነው። ችግሩ የሚመጣው አደጋው ካለፈ በኋላ ዘበኛዋ አልተኛም ስትል ነው። ያን ጊዜ ቦምብ የሚጥለውንና መንገደኛ የጫነውን አውሮፕላን አትለይም፤ ያለፈው ነገር እንደ ትዝታ ሳይሆን አሁን እንደሚፈጸም ሆኖ ይመለሳል። እንቅልፍ ይጠፋል፤ ቅዠት ይበዛል። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ይደነዝዛል፤ ሲጠሩት አይሰማም፤ ሲስቁም ሲያለቅሱም ለእርሱ አንድ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ እኛ «ጨዋ ነው፤ ዝምተኛ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ሕክምናውስ እንዴት ነው? ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ዣኔ (እ.ኤ.አ. 1859–1947) ቁስለኛውን አስቀድሞ ማረጋጋት፥ ቀጥሎ ትዝታውን ቀስ ብሎ መንካት፥ በመጨረሻም ወደ ኑሮው መመለስ እንደሚገባ አስተምሮ ነበር። በካናዳ በቶሮንቶ ያስተማሩት የአእምሮ ሐኪም ክሌር ፔይን እ.ኤ.አ. በ2006 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሰውነት አስፍተውታል። ድንጋጤው በትንፋሽና በጡንቻ ውስጥ ስለሚቀመጥ ሐኪሙ ከቃል ይልቅ ከሰውነት ሊጀምር ይችላል ይላሉ። በዚህ ላይ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ የማረጋጋቱ ደረጃ ለሁሉም አያስፈልግም፥ ትዝታውን ቶሎ መጋፈጥ ይሻላል የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ለጓደኛዬ የጠቀማትን ስላየሁ የመጀመሪያው ያመዝንብኛል።

የሩቅ አገር ሐኪም ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በመርካቶ አካባቢ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፥ ለብዙ ዘመናት በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። በአእምሮ ሕክምና ልዩ ትምህርት የሚፈልግ ሐኪም ግን ባሕር መሻገር ነበረበት። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት በአገር ውስጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ክሌር ፔይንና የቶሮንቶ ባልደረቦቻቸው በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጡ በየጊዜው አንድ ወር ያህል ከኢትዮጵያውያን መምህራን ጋር ያስተምሩ ነበር። እንግዶቹ እንዲሠሩልን ሳይሆን እኛው እንድንሠራው ነውና ይህ ዘዴ ደስ ይለኛል።

ከኢትዮጵያውያኑ መምህራን አንዱ ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ ናቸው። ብዙዎቻችሁ በ2014 ዓ.ም. የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው በመሾማቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ የአእምሮ ሐኪም መሆናቸውን ግን እኔ አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊድን በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በጦርነት ምክንያት ስለ ተፈናቀሉ ኢትዮጵያውያን ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ተፈናቃዮች ስለ ደረሰባቸውና ስለ ኑሯቸው ተጠየቁ። ያዩት መከራ በአእምሮ ጭንቀት በኩል ኑሯቸውን ይጐዳል፤ ነገር ግን የጉዳቱ መጠን ሰው በሚያገኘው ድጋፍና ችግሩን በሚቋቋምበት ዘዴ ይለያያል። ይህን ሳነብ ክፍላችንን አሰብኩ። እኛ ለእርሷ ድጋፍ ነበርን ወይስ ሌላ ጦርነት?

ጓደኛዬ ወደ ሐኪም በሄደች ጊዜ «የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ» ያላት የለም። መጀመሪያ የተማረችው ሁለት እግሯን ከወለሉ አስደግፋ መቀመጥ፥ ትንፋሿን ከምትስበው ይልቅ ረዘም አድርጋ ማስወጣት፥ በዓይኗ ያየቻቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው መጥራት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዘበኛዋ የምትሰማው ቋንቋ ይህ ነው። እናቶቻችን ለደነገጠ ሰው ፈጥነው ውሃ የሚሰጡት ይህን በልማድ ደርሰውበት ይሆን? «እርሺው» የሚለው ምክራችን ግን ምንም አልጠቀማትም፤ ራሷ እንደ ነገረችኝ፥ ይህን ስትሰማ መርሳት ባለመቻሏ ታፍር ነበር። ስለ ወሎ ለሐኪሟ መናገር የጀመረችው ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ነው።

ሌላ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። አምስቱን ነገሮች ስትቈጥር እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ እቈጥር ነበር፤ ሁልጊዜ የምንጀምረው ከመምህራችን ቀይ ከረባት ነው። አንድ ቀን መምህሩ ከረባት ሳያስሩ መጡና ሁለታችንም ግራ ገባን። እስከ ዛሬ የመኪና ጐማ ሲፈነዳ እጇ ይንቀጠቀጣል። አውሮፕላን ሲመጣ ግን እግሯን ከወለሉ ታስደግፋለች፤ መምህሩም ዝም ይላሉ፤ እኔ ወደ እርሷ እመለከታለሁ፤ እርሷም ጣቷን አንሥታ ከረባቱን ታሳየኛለች።