ስለ አሮጌ የፎቶግራፍ ሌንስ ጠባይና ዋጋ
ለነጋዴዎች የተዘጋጀ አጭር ትምህርት

የፎቶግራፍ ሥራ በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰዋል። ስለዚህ በቀድሞ ፎቶግራፍ ቤት ወይም በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ አሮጌ ሌንስ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ዕቃውን ሳይመረምር የሚሸጥም የሚገዛም ግን ይጐዳል።

ፈላጊው የበረከተው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ሚረርለስ የተባሉት ካሜራዎች በመውጣታቸው ነው። ባለ ጥርሱ ኤም 42 ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር መራቅ አለበት፤ በሶኒ ኢ ካሜራ ግን ርቀቱ 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱን አንድ የማገናኛ ቀለበት ይሞላዋል።

ሌንሶች እንደ ሥሪታቸው ጠባያቸው ይለያያል። ፓውል ሩዶልፍ ለዛይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው ቴሳር በ4 መስታወት የተሠራ ሆኖ ጥርት ያለ ሥዕል ይሰጣል። የሶቪየቱ ሄሊዮስ 44 ከዛይስ ቢዮታር የተወረሰ፣ ባለ 58 ሚሊሜትርና ባለ 6 መስታወት ነው፤ ቀዳዳው በሰፊው ሲከፈት ከሰውየው ጀርባ ያለው ቅጠል እንደ አዙሪት ይታያል። ይህ እንደ ጉድለት ይቈጠር የነበረ ሲሆን ዛሬ ገዢ የሚሻው ጠባይ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ሄሊዮስ በብዛት ስለ ተሠራ ርካሽ ነው፤ የላይካው ኤልማር ግን ይወደዳል። ስለ ተወደደም አስመሳይ አለበት፤ በሶቪየቱ ኢንዱስታር ላይ የኤልማርን ስም ቀርጸው የሚሸጡ አሉ። መለያው ይህ ነው፦ በ50 ሚሊሜትሩ ኤልማር የብርሃን መቈጣጠሪያው ምላጭ ከመጀመሪያው መስታወት ቀጥሎ ሲሆን፣ በኢንዱስታር ከሁለተኛው በስተኋላ ነው።

እንደ ሐዋሳ ባለ የሐይቅ ዳር ከተማ ደግሞ በክረምት ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ሻጋታ ነው። ስለሆነም ገዢው የሚከተለውን ይመርምር፦

1ኛ/ ሌንሱን በባትሪ ብርሃን አሻግሮ ይመልከት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየ ሻጋታ ነው። ሽፋኑን ከበላው ቢጠረግም ምልክቱ አይጠፋም።
2ኛ/ ምላጮቹ ዘይት እንዳልነካቸው ያረጋግጥ።
3ኛ/ የማስተካከያው ቀለበት ሳይነቀነቅና ሳይጠጥር መዞሩን ይሞክር።

የቆዳ ማኅደር እርጥበት ስለሚይዝ ሌንሱን በውስጡ ዘግቶ ማኖር አይገባም፤ ሲሊካ ጄል ባለበት ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ።

በመጨረሻም ሻጩ የዕቃውን ቍጥርና ጉድለት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ወደ ውጭ አገር የሚልክም ዕቃው ከቅርስ የሚቈጠር እንዳይሆን አስቀድሞ የቅርስና የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶችን ይጠይቅ። ጉድለቱን የደበቀ ነጋዴ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ የገለጸ ግን ደንበኛ ያፈራል።